ጣት ብቻ የሚያውቀው ፋውል

ድሬዳዋ ላይ ፑል የሚጫወት ሰው ከዳኛ ጋር አይተዋወቅም። ከቀዚራ እስከ ሳቢያን፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ሁለት ሰው ጠረጴዛው ላይ ይጫወታል፣ አምስት ስድስቱ ዙሪያውን ቆሞ ያያል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ጭቅጭቅ ሲነሳ «አቦ ነካሃት!» «ወላሂ አልነካኋትም!» ይባባሉና ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ቆመው ሰው ያዞራሉ። ያየ ይመሰክራል። ያየ ከሌለ ደግሞ ድምፁ ጎላ ያለው ይረታል።

በዚህ ልማድ ውስጥ ለኖረ ሰው ስኑከርን፣ ያንን በትልቅ ጠረጴዛ ላይ በነጭ፣ በቀይና በሌሎች ቀለማት ኳሶች የሚጫወቱትን የፑል ዘመድ፣ በቴሌቪዥን መከታተል ግር የሚል ነገር አለው። ነጭ ጓንት ያጠለቀ ዳኛ ከጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ካሜራ ከላይም ከጎንም ተተክሏል። ተጋጣሚው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ውኃ ይጠጣል። ድንገት ተጫዋቹ ከጎነበሰበት ቀና ይልና «ነክቻታለሁ» ይላል። ዳኛው አላየም፣ ተጋጣሚው አላየም፣ ካሜራውም ደግሞ ደጋግሞ ሲያሳይ በግልጽ የሚታይ ነገር የለም። ዳኛው ፋውል ብሎ ነጥቡን ለተጋጣሚው ይሰጣል፣ ተጫዋቹ ሄዶ ይቀመጣል።

ብዙ ሰው ይህንን ጨዋነት ይለዋል። ጨዋነት መሆኑ አይካድም። እኔ ግን ከጨዋነትም በላይ የጨዋታው ምሰሶ ነው እላለሁ። የስኑከር ሕግ አብዛኛውን ነገር ለዳኛው ዓይን ሰጥቶ፣ ዓይን የማይደርስበትን ጥቂት ነገር ለተጫዋቹ ጣት ተወው። የሚያጨቃጭቁ ውሳኔዎችም የሚወለዱት ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ዓይን በደንብ በማያይበት፣ ጣትም እርግጠኛ ባልሆነበት።

መጀመሪያ ጣት ብቻ የሚያውቀውን እንይ። ተጫዋች ከመምታቱ በፊት የስቲኩን ጫፍ ወደ ነጯ ኳስ ሦስት አራት ጊዜ ያስጠጋል፣ ይመልሳል። ክንዱን የሚያሟሽበት፣ መስመሩን የሚያረጋግጥበት ነው። ባለሙያዎቹ ጫፉን ከነጯ ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ነው የሚያቆሙት። በዚህ መሀል ጫፉ ነጯን ከነካት፣ ያቺ ንክኪ ራሷ እንደ አንድ ምት ትቆጠራለች፤ ነጯ የትም ሳትደርስ የቀረች ምት ናትና ፋውል ነው። ቅጣቱ ቢያንስ 4 ነጥብ ነው፤ ባለተራዋ ኳስ፣ ማለትም መጀመሪያ መመታት ያለባት ኳስ፣ ሰማያዊ ከሆነች 5፣ ሮዝ ከሆነች 6፣ ጥቁር ከሆነች 7 ይሆናል። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ ነጯ ጉድጓድ ገብታ ተጫዋቹ ጠረጴዛው ላይ በተሰመረው ግማሽ ክብ ውስጥ እያስቀመጣት ከሆነ፣ ለመምታት ሳይሞክር በጫፉ ገፋ ገፋ አድርጎ ቦታ ቢያስይዛት ፋውል የለም።

ይህችን ንክኪ ዳኛው ለምን አያያትም? ነጯ 52.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት፣ ምልክት የሌለባት ነጭ ኳስ ናት። የግማሽ ሚሊሜትር እንቅስቃሴ ከጎን ለቆመ ሰው አይታይም፤ ከኋላ ለቆመ ደግሞ የተጫዋቹ ክንድና ትከሻ ይጋርዳታል። ድምፅም የለውም፤ የስቲኩ ጫፍ ቆዳ ነው፣ በጠመኔ የተቀባ ቆዳ ኳስን በቀስታ ሲነካ አይሰማም። ተጫዋቹ ግን ያውቀዋል። ስቲኩ በጣቶቹ መሀል ስላለ መንገጭገጩ በእንጨቱ ውስጥ አልፎ ይደርሰዋል፤ እንደ ጎበዝ ዓሣ አጥማጅ ክሩ ሲነካ ያውቃል።

ሁለተኛው ልብስ ነው። የስኑከር ጠረጴዛ የመጫወቻ ሜዳው 3.57 ሜትር በ1.78 ሜትር ነው፤ የእኛን የፑል ጠረጴዛ የለመደ ሰው መጀመሪያ ሲያየው የእርሻ ማሳ ነው የሚመስለው። መሀል ላይ ያለች ኳስ ላይ ለመድረስ ተጫዋቹ ደረቱን ጠረጴዛው ላይ ያስተኛል፣ አንድ እግሩን ያነሳል (አንዱ እግር የግድ መሬት መንካት አለበት፤ ሁለቱም ከተነሱ ፋውል ነው)። ያን ጊዜ የእጅጌው ጫፍ፣ የሰደርያው ቁልፍ፣ የአንገቱ ማሰሪያ ከሥር ያለች ቀይ ኳስ ሊነካ ይችላል። እዚህ ላይ ዳኛው የተሻለ ዕድል አለው፤ ጎበዝ ዳኛ ተጫዋቹ ገና ሲጎነብስ ዓይኑን ከነጯ አንስቶ ልብሱ ሥር ወዳሉት ኳሶች ይወስዳል። ቢሆንም አንድ ዳኛ ሁለት ዓይን ነው ያለው፣ ኳሶቹ ደግሞ 22 ናቸው። እጅ በማይደርስበት ቦታ ስቲኩ የሚደገፍበት ረጅም ዘንግም እንዲሁ ነው፤ ችግሩ ሲያስቀምጡት ሳይሆን ሲያነሱት ነው። ተጫዋቹ ምቱ ከተሳካ በኋላ ዓይኑ ነጯን እየተከተለ ዘንጉን በአንድ እጁ ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ጫፉ ላይ ያለው መስቀል አንዲት ቀይ ይነካል። ምቱ ጥሩ ስለነበር ሁሉም ሰው ነጯን ነው የሚያየው።

አሁን ሕጉ ዝምታን እንዴት እንደሚያስተናግድ ልንገራችሁ፤ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ አይነገርም። አንድ ፋውል ዳኛው ሳያየው፣ ተጋጣሚውም ሳይጠይቅበት የሚቀጥለው ምት ከተመታ፣ ፋውሉ እንደ ታለፈ ይቆጠራል። ተመልሶ አይከፈትም። እኛ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ስኑከር ላይ እውነት የምታድርበት ጊዜ የላትም፤ በአንድ ምትና በሚቀጥለው ምት መካከል ካልጠራች አበቃላት። ጥሩ ተጫዋች ከምት ወደ ምት ለመሸጋገር ሃያ ሰከንድ አካባቢ ነው የሚፈጅበት። ነክቶ ዝም ያለ ሰው ሃያ ሰከንድ ከቻለ በሕግ ዓይን ንጹሕ ነው። ቅጣት የለበትም፣ መዝገብ የለበትም። እንግዲህ በዚያች ሃያ ሰከንድ ውስጥ አፉን የሚከፍት ሰው ሕጉ አስገድዶት አይደለም። በድሮው ዘመን «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት እንደሚቆም፣ ይሄኛው በገዛ ራሱ ላይ «በሕግ አምላክ» ብሎ የቆመ ነው።

ለፑል ተጫዋቾቻችን አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም አቀፍ የፑል ሕግ ዳኛ በሌለበት ውድድር ላይ ፋውሉ በነጯ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ ሌላ ኳስ በስህተት በልብስ ወይም በእጅ ከተነካች ተጋጣሚው ወደ ቦታዋ ይመልሳታል ወይም ባለችበት ይተዋታል፣ ቅጣት የለም። ስኑከር ይህን አያውቅም። የትኛዋም ኳስ በማንኛውም ነገር ከተነካች ፋውል ነው። ስለዚህ ከፑል ወደ ስኑከር የሚሸጋገር ሰው መጀመሪያ መተው ያለበት ነገር «ምንም አልቀየረችም እኮ» የሚለውን ክርክር ነው። ኳሷ ብትንቀሳቀስም ባትንቀሳቀስም፣ ጨዋታውን ብትቀይርም ባትቀይርም መነካቷ ይበቃል።

እስካሁን ያልኩት ተጫዋቹ እርግጠኛ የሆነበትን ነው። ከባዱ እሱም ራሱ የማያውቀው ሲሆን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በሼፊልዱ ክሩሲብል የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ማርክ ሴልቢና ጆን ሂጊንስ ተገናኙ። ፍጻሜው ከ35 ፍሬም ነው (ፍሬም ማለት አንድ ሙሉ ዙር ጨዋታ ነው)፤ ቀድሞ 18 የሞላ ዋንጫውን ይወስዳል። ሴልቢ 10 ለ 4 ከተመራ በኋላ ተነስቶ 16 ለ 14 መምራት ጀምሮ ነበር። በ31ኛው ፍሬም ላይ ነጯን በጣም በቀስታ ወደ ጥቁሯ ኳስ አንከባለላት። ዓላማው ነጯ ጥቁሯን በጭንቅ ነክታ እዚያው ተጠግታ እንድትቆምና ሂጊንስ ከኋላዋ ተጋርዶ፣ መምታት ያለበትን ኳስ በቀጥታ መምታት ሳይችል እንዲቀር ነው። ዳኛው ያን ቬርሃስ አልነካችም ብሎ ፋውል አለ። የቴሌቪዥን ምስሉ ከብዙ አቅጣጫ ተደጋገመ፤ ማንንም የሚያሳምን ሆኖ አልተገኘም። ውሳኔው ጸና፣ ሂጊንስ ፍሬሙን ወስዶ 16 ለ 15 ደረሰ። ሴልቢ ቀጣዮቹን ሁለት አሸንፎ 18 ለ 15 ዋንጫውን ባያነሳ ኖሮ ያቺ አንዲት ምት ዛሬም ድረስ ታጨቃጭቅ ነበር።

ይህ ውዝግብ ፑል ላይ በዚህ መልኩ አይነሳም፤ ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ ይጠቅማል። በፑል ሕግ ነጯ ኳስ ከነካች በኋላ አንዲት ኳስ ጉድጓድ መግባት ወይም የጠረጴዛውን ጠርዝ መንካት አለባት። ስለዚህ ንክኪ ሁሉ የሚታይ እንቅስቃሴ ይወልዳል። በስኑከር ግን መንካት ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ጠርዝ እንዲነካ አይጠየቅም። ስለዚህ ተጫዋቹ ዓይን ሊያየው የማይችል ንክኪ የመምታት መብት አለው። በዝግታ የምትንከባለል ነጭ ኳስ ጥቁሯ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ አልቋል፤ ጥቁሯ በፀጉር ውፍረት ብትንቀሳቀስ ነው፣ እሱንም ጨርቁ ያቆማታል። ዳኛው የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ ጥቁሯ ተንቀጠቀጠች ወይ፣ ነጯስ ስትቆም በራሷ ቀስ ብላ ቆመች ወይስ ቆረጥ ብላ? በራሷ የቆመች ኳስ መጨረሻ ላይ እንደሚያንቀላፋ ሰው ዝግ እያለች ነው የምትቆመው፤ የነካች ኳስ ግን መጨረሻዋ ድንገተኛ ነው። ፍጥነቱ በጣም ሲቀንስ ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

እንዲህ ባለ ምት ላይ ተጫዋቹ ከዳኛው የበለጠ ምን ያውቃል? ምንም። ነጯ ከስቲኩ ተለይታ ከሄደች ቆይታለች፣ ጣቱ የሚነግረው ነገር የለም። ዓይኑም ከዳኛው ዓይን በባሰ ቦታ ላይ ነው፤ ከኋላ ሆኖ በምቱ መስመር ላይ ስለሚያይ በሁለቱ ኳሶች መካከል ያለው ክፍተት አይታየውም። ክፍተት የሚታየው ከጎን፣ ከመስመሩ በቀኝ ማዕዘን ሲቆሙ ነው። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ሐቀኛ ተጫዋች ማድረግ ያለበት ነገር ዝም ማለት ነው። ዳኛው ፋውል ካለ መቀበል፣ ዳኛው ነክታለች ካለም መቀበል። ሐቀኝነት ማለት የሚያውቁትን መመስከር ነው፤ የማያውቁትን ለተጋጣሚ መስጠት ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ማንም ከሴልቢም ከሂጊንስም የመጠበቅ መብት የለውም። ቬርሃስን በተመለከተ፣ ያየውን ወዲያው መናገሩን እደግፋለሁ። ዳኛ ተጠራጥሮ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ለመቺው መሆን ነበረበት፤ አልነካችም ብሎ ካመነ ግን የዋንጫው ክብደት ዓይኑን ሊያስለውጠው አይገባም።

ሌላው የሚያጨቃጭቅ ነገር ነጯ መጀመሪያ የነካችው የትኛዋን ነው የሚለው ነው። ቀይና ሰማያዊ ጎን ለጎን ሆነው፣ ባለተራዋ ቀይ ሆና፣ ነጯ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የመታች ስትመስል። እዚህ ላይ ዓይን ቢሳሳትም የኳሶቹ አካሄድ አይዋሽም። የተመታች ኳስ የምትሄደው በንክኪዋ ሰዓት የሁለቱን ኳሶች መሀል በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። ሰማያዊዋ ነጯ ከመጣችበት አቅጣጫ አንጻር ወደ ጎን ከሄደች በሥሡ ተነክታለች፤ ቀጥ ብላ ከሄደች በሙሉ ተመትታለች። አሁን ወደ ኋላ ተመልሶ ማስላት ነው፦ ነጯ በዚያ መስመር ላይ ሆና ቀይዋን ቀድማ ሳትነካ ሰማያዊዋን በዚያ ማዕዘን ልትመታ ትችል ነበር ወይ? ካልቻለች ቀይዋ ቀድማለች። ጥሩ ዳኛ ይህን በሁለት ሰከንድ ውስጥ ያደርገዋል፤ ከምቱ በፊት የት መቆም እንዳለበት ስላሰበበት ነው። ከምቱ በኋላ ወዴት እንደሚያይ የሚያስብ ዳኛ ዘግይቷል።

የመግፋት ፋውልም የሚዳኘው በአካሄድ ነው። ነጯ ከቀይዋ ጥቂት ሚሊሜትር ርቃ ተጫዋቹ በቀጥታ ሲመታት፣ ስቲኩ ነጯን እንደነካ ገና ሳይለቅ ነጯ ቀይዋን ልትነካ ትችላለች። ኳሶቹ ክብደታቸው እኩል ስለሆነ በንጹሕ ምት ነጯ ጉልበቷን ለቀይዋ ሰጥታ ቆም ትላለች፤ ወደ ፊት የሚያሽከረክር ምት ከነበረ ቆም ብላ ከዚያ ትከተላለች። ሁለቱ ያለ ምንም ፋታ በእኩል ፍጥነት አብረው ከሄዱ ስቲኩ ገፍቷቸዋል ማለት ነው። በእኛ ፑል ቤቶች ይህ ፋውል መሆኑን ጭራሽ የማያውቅ ተጫዋች ብዙ ነው፤ «ቀጥ አድርጌ መታኋት» ይላል፣ ከልቡ ነው።

ወደ ዋናው እሾህ ልምጣ፤ ሚስ ወደሚባለው።

አንድ ተጫዋች ባለተራዋን ኳስ መንካት ካልቻለ ፋውል ነው፤ ይህ ማንንም አያከራክርም። ሕጉ ግን ይቀጥላል፦ ተጫዋቹ ኳሷን ለመንካት የቻለውን ያህል መሞከር አለበት። ዳኛው አልሞከረም ብሎ ከፈረደ «ፋውልና ሚስ» ይላል። ያን ጊዜ ተጋጣሚው ሦስት ምርጫ አለው፤ ራሱ ይጫወታል፣ ወይም ኳሶቹ ባሉበት ያጠፋው ሰው እንደገና እንዲመታ ያደርጋል፣ ወይም የተንቀሳቀሰ ሁሉ ወደ ነበረበት ተመልሶ ያጠፋው ሰው ያንኑ ምት እንዲደግም ያስደርጋል። ሦስተኛው ነው የሚያሳምመው። ሲደግም እንደገና ከሳተ እንደገና ቢያንስ 4 ነጥብ ይሄዳል። ተጫዋቹ ከባለተራዋ ኳስ ጋር ሙሉ በሙሉ ፊት ለፊት እየተያየ፣ ምንም ሳይጋርደው ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከሳተ ፍሬሙን በሙሉ ያጣል፤ ዳኛው ከሁለተኛው በኋላ ሊያስጠነቅቀው ይገባል።

ሕጉ ለምን ተወለደ ብትሉ፣ ሳይነኩ መቅረት አንዳንድ ጊዜ ስለሚያዋጣ ነው። ከሌላ ቀለም ኳስ ጀርባ ተጋርዶ ያለ ሰው ቀዮቹን ቢነካ ሊበትናቸውና ለተጋጣሚው 60 እና 70 ነጥብ ሊያዘጋጅለት ይችላል። ሆን ብሎ በትንሹ ስቶ 4 ነጥብ ሰጥቶ ነጯን ደህና ቦታ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ስለዚህ ሕጉ ይህን ቀዳዳ መድፈን ነበረበት። ሲደፍነው ግን ለዳኛው ከባድ ሸክም ጫነበት፤ የኳስን አካሄድ የሚዳኘውን ሰው የሰውን ልብ ዳኝ አለው።

ዳኛው ልብን በምን ያያል? በመንገድ ምርጫ፣ በጉልበትና በርቀት ነው። ተጫዋቹ አንድ ጠርዝ ብቻ የሚጠይቅ ቀላል መንገድ እያለ ሦስት ጠርዝ የሚዞር መንገድ ከመረጠ፣ ቀላሉ መንገድ ቀዮቹን የሚበትን ስለሆነ ሸሽቷል ማለት ይቻላል። መስመሩ ትክክል ሆኖ ነጯ ሳትደርስ ከቆመች ጉልበቱን ቆጥቧል። በሙያተኞች ደረጃ ዳኞች ይህን ሁሉ በጣም አጥብቀው ነው የሚያዩት፤ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ተጋርዶ ያለ ሰው በሚሊሜትር ቢስት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሚስ ይባላል፤ ሙያተኛ እስከሆነ ድረስ ትንሽ አስተካክሎ ቢመታ ይነካት ነበር ተብሎ ስለሚታሰብ። ልዩ የሚሆነው ከሁለቱ አንዱ ለማሸነፍ ጠረጴዛው ላይ ከቀረው ነጥብ በላይ የቅጣት ነጥብ የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ከደረሰ ነው፤ ያን ጊዜ ሆን ተብሎ ካልሆነ በቀር ሚስ አይባልም።

እኔ እዚህ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። በዚህ አሠራር ሐቀኛው ሰውና ተንኮለኛው እኩል ይቀጣሉ። ከልቡ ሞክሮ አምስት ጊዜ የሳተ ሰው 20 ነጥብ ይሰጣል፣ «አልሞከርክም» የሚል ፍርድም አምስት ጊዜ ይሰማል። በጣት ንክኪ ጉዳይ ቃሉን ሙሉ በሙሉ የሚያምነው ጨዋታ፣ በሚስ ጉዳይ ቃሉን ጭራሽ አይጠይቀውም። አማራጭ አለ ወይ ብትሉኝ፣ የተሻለ ሕግ ጽፎ ያሳየኝ ሰው የለም፤ ልብን መመርመር ከቀረ ደግሞ ቀዳዳው ተመልሶ ይከፈታል። ቢያንስ ግን ተመልካቹ «ሚስ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሰውየውን አጭበርባሪ አድርጎ እንዳይወስደው እፈልጋለሁ።

ኳሶቹን መመለሱ በራሱ ሙያ ነው። በትልልቅ ውድድሮች ዳኛው ከምቱ በፊት የነበረውን ምስል ስክሪን ላይ እያየ፣ ውጤት መዝጋቢው እየረዳው፣ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ጥቁሯ» እየተባለ ያስቀምጣል። ተጫዋቾቹም ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ የሚታየው ሐቀኝነት ከሁሉም በላይ ደስ ይለኛል፤ ተጋርዶ የነበረው ሰው ራሱ «አይ፣ ከዚህ የበለጠ ተጋርጄ ነበር» ብሎ ነጯን ወደ ባሰ ቦታ ሲያስገፋ ታያላችሁ። የመጨረሻው ቃል ግን የዳኛው ነው። ሕጉ ዳኛው ያላየው ነገር ሲገጥመው የመዝጋቢውን፣ የሌሎች ኃላፊዎችን፣ ሌላው ቀርቶ ደህና ቦታ የተቀመጠ ተመልካችን ምስክርነት እንዲጠይቅ፣ የተቀዳ ምስልም እንዲያይ ይፈቅድለታል። ፊታችንን ወደ ቆመው ሰው የምናዞረው የድሬ ልጆች ብቻ አይደለንም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስል ስኑከር የመላእክት ጉባኤ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ተጫዋቹ እስቲቨን ሊ ጨዋታ በመሸጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ለ12 ዓመት ታግዶ ነበር። በ2023 ደግሞ አሥር ቻይናውያን ተጫዋቾች ተቀጥተዋል፤ ሊያንግ ዌንቦና ሊ ሃንግ ዕድሜ ልክ። ዣዎ ሺንቶንግ የራሱን ጨዋታ ባይሸጥም በሌላ ተጫዋች ጉዳይ ተሳትፎና በውርርድ 20 ወር ታግዶ ተመልሶ፣ በ2025 ማርክ ዊሊያምስን 18 ለ 12 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ጠረጴዛ ላይ ያለው ሐቀኝነትና ከጠረጴዛ ውጪ ያለው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በሃያ ሰከንድ ውስጥ፣ በተጋጣሚ ፊት፣ በልማድ የሚሠራ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ በክለብ ሲጫወቱ የሚያድግ። ሁለተኛው በስልክ፣ በጓዳ፣ በገንዘብ ችግር መሀል የሚፈተን ነው። አንዱ ሌላውን አያስተምርም፤ ለዚያም ነው ለሁለተኛው ምርመራና እገዳ የሚያስፈልገው።

ዳኛ ለሌለን ለእኛስ? የስኑከር ሕግ ዳኛ በሌለበት ተጋጣሚው እንደ ዳኛ ይቆጠራል ይላል፤ ስለዚህ ተጋጣሚዎ ሲመታ ስልክዎ ላይ አይሁኑ፣ ሥራ ላይ ነዎት። ጠባብ ምት ሊመታ ሲዘጋጅ ከምቱ መስመር በቀኝ ማዕዘን፣ ከዓይኑ ፊት ገለል ብለው ይቁሙ። ሁለት ኳሶች የተነካኩ ከመሰለ ክርክሩ ከምቱ በፊት ይለቅ፤ ሁለታችሁም ጎንበስ ብላችሁ በመካከላቸው ብርሃን መኖሩን እዩና ተስማሙ። ከተነካኩና የተነካችው ባለተራ ከሆነች፣ እሷን ሳያንቀሳቅሱ ነጯን ወደ ሌላ አቅጣጫ መምታት እንደ መንካት ይቆጠራል።

ሚስ ልትጫወቱ ከሆነ ስክሪን የለምና ስልክ ይሥራ። ከምቱ በፊት አንድ ፎቶ ከላይ፣ ክንድን ዘርግቶ፣ ነጯ ከፎቶው መሀል ሆና ይነሳ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከጎን አጋድሎ ሲያነሳ ነው፤ ያጋደለ ፎቶ ርቀትን ስለሚያዛባ ሲመልሱ ይስታሉ። ፎቶው ውስጥ የግድ ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች ይግቡ፤ የጉድጓድ ጠርዝና የጨርቁ ላይ ነጥብ፣ ወይም ሁለት ጉድጓዶች። ስትመልሱ ነጯን ከሁለቱ በሚወጡ መስመሮች መገናኛ ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ የተጋረደው ሰው ከኋላ ሆኖ ይመልከትና ምን ያህል ኳስ ይታየው እንደነበር ይናገር። አቧራ በበዛበት ቀን ጨርቁ ላይ የቀረው የነጯ ዱካም ይረዳል። ጀማሪዎች ከሆናችሁ ግን ሚስን ተዉት፤ ሕጉ ራሱ የተጫዋቹን ችሎታ እንዲመዝን ነው የተጻፈው፣ በሁለት ጠርዝ የሳተን ጀማሪ አልሞከርክም ማለት ግፍ ነው።

ጫፉ ነጯን ከነካባችሁ ደግሞ ምቱን አትጨርሱት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ነክተው በድንጋጤ ይመቱታል፣ ኳሷ ትገባለች፣ ከዚያ በኋላ መናገሩ ከባድ ይሆናል፣ ሌሎቹ ኳሶችም ተበትነዋል። ጫፉ እንደነካ ስቲኩን ወደ ኋላ መሳብ፣ ቀና ማለት፣ ለተጋጣሚው መናገር። ባለተራዋ ቀይ ከነበረች 4 ይጻፍለት፤ ሰማያዊ ከነበረች 5፣ ሮዝ ከነበረች 6፣ ጥቁር ከነበረች 7።